የተዋጊ አውሮፕላን እግር፦ ከሞዴል ሠሪው ጠረጴዛ የሚነበብ ታሪክ



በሬዲዮ የሚመራ የጦር አውሮፕላን ሞዴል የሚሠራ ሰው አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ የትኛውን ተጣጣፊ የማረፊያ እግር ልምረጥ? ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መሐንዲሶችን ያስጨነቀው ይኸው ጥያቄ ነበር።

ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ከአውሮፕላኑ ሥር የተንጠለጠለ ጎማ የአየሩን ግፊት እየተቀበለ ወደ ኋላ ይጎትታል። ስለዚህ መታጠፍ ነበረበት። በ1933 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የሶቪየቱ ፖሊካርፖቭ አይ-16 አብራሪ እግሩን የሚያጥፈው በእጁ መዘውር እያሽከረከረ ነበር። ማጠፍ ከተቻለ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ተከተለ፤ እግሩ ከየት ይያያዝ? ወዴትስ ይታጠፍ?

በጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 እግሮቹ ከአውሮፕላኑ ገላ ጋር ተያያዙ። ክንፎቹ ቢፈቱ እንኳ አውሮፕላኑ በጎማው ላይ ይቆማል፤ ይህም ጥገናን አቃለለ። በእንግሊዙ ስፒትፋየርም እግሮቹ ለገላው ቀርበው ተተክለው ወደ ውጭ ይታጠፋሉ። ሁለቱም መሬት ላይ ጠባብ አቋቋም ነበራቸው። የሲድኒ ካም ሃሪኬን በአንጻሩ በወፍራም ክንፉ ውስጥ ወደ መሃል የሚታጠፉ፣ ተራርቀው የቆሙ እግሮች ስለነበሩት ባልተስተካከለ ሜዳ ላይ ይበልጥ የተረጋጋ ነበር።

የምርጫው ዋጋ የተከፈለው መሬት ላይ ነው። ብዙ 109ዎች ሲነሡና ሲያርፉ ድንገት ወደ ጎን እየዞሩ ተሰብረዋል። በመስከረም 1943 በሳሌርኖ ዘመቻ፣ ለመርከብ የተዘጋጀው የስፒትፋየር ዝርያ ሲፋየር በጠላት ጥይት ካጣው ይልቅ በማረፍ አደጋ ያጣው እጅግ ይበልጣል። ነፋሱ ደካማ፣ መርከቦቹ ትንንሽና ዘገምተኛ ነበሩ፤ ስስ እግሮቹም ያን ክብደት አልቻሉም።

ወደ ሞዴል ሠሪው እንመለስ። በታመቀ አየር የሚሠራ እግር ኃይለኛ ነው፤ ቱቦው አየር ካስተነፈሰ ግን አይታዘዝም። የራሱ ትንሽ ሞተር ያለው የኤሌክትሪክ እግር ከአየር ጋንና ከቱቦ ይገላግላል፤ ነገር ግን ተጨማሪ ሽቦና ኃይል ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ ሣሩ አብሮ አያንስም፤ ለእውነተኛው ጎማ ምንም ያልሆነ ሣር ለሞዴሉ ጎማ ቁጥቋጦ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች አውሮፕላኑ በአፍንጫው እንዳይደፋ ጎማውን ከእውነተኛው ቦታ ጥቂት ወደ ፊት ይገፉታል። ለታሪክ የታመነው ግን ጠባቡን አቋቋም ከነጉድለቱ ይወርሳል።

የቴክኖሎጂ ታሪክ ተማሪ ከዚህ የሚማረው አለ። እግሩን በጠባቡ የተከሉት መሐንዲሶች አላዋቂዎች አልነበሩም፤ በአየር ላይ ያተረፉትን መሬት ላይ ከፈሉ። ከፋዮቹ ግን ነዳፊዎቹ ሳይሆኑ ከውጊያ ተርፈው ለማረፍ የመጡት ወጣቶች ነበሩ። ንድፍን ስንመዝን ማን እንዳተረፈበት ብቻ ሳይሆን ዕዳው በማን ላይ እንደወደቀም እንጠይቅ።