ባለእጅ እና ባለገንዘብ፦ የጎጃም ብር በማን ሚዛን ተሸጠ?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ የውጭ አገር ጎብኚ ደብረ ማርቆስን ካለፈ በኋላ ደምበጫን የሚያያት በመኪና መስኮት ነው። አይወርድም። ጣና ዳር ወይም ጎንደር ሲደርስ ግን ከመስታወት ሥር የተደረደረውን የአንገት መስቀል፣ አልቦ፣ አምባር፣ ድሪና ከብር የተሠራ የጆሮ ኩክ ማውጫ ጎንበስ ብሎ ያያል። ይመርጣል፣ ይከራከራል፣ ገዝቶ ይሄዳል። አገሩ ገብቶ ለወዳጆቹ ሲያሳይ ከውበቱ እኩል የሚያወራው ስለ ዋጋው ነው፦ "እንዴት ረክሶ አገኘሁት!"

ለምን ረከሰ? የተለመደው መልስ "አገሩ ድሃ ስለሆነ፣ ዶላሩ ስለሚበልጥ" የሚል ነው። ውሸት አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ያለው ጌጡ መጀመሪያ በተመዘነበት ሚዛን ላይ ነው። ያን ሚዛን የሠራው ደግሞ ፈረንጅ አይደለም።

ብሩ ከየት መጣ?

የጎጃም ደጋ የብር ማዕድን የለውም። በአያቶች አንገትና እጅ ላይ የነበረው ብር አብዛኛው ከአውሮፓ የመጣ ገንዘብ ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ብር መቀረጽ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1741 ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላም ያው ዓመተ ምሕረት እንደተጻፈበት መመታቱን ቀጠለ። ይህ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የሚባለው ገንዘብ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። በቀይ ባሕር ወደቦች ገብቶ በነጋዴ ቅፍለት ወደ ደጋው ወጣ።

ከ1833 እስከ 1835 ዓ.ም. ጎጃም የቆየው እንግሊዛዊ ተጓዥ ቻርልስ ቤክ ስለ ባሶ ገበያ ጽፏል። ባሶ ከዛሬዋ ደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ፣ የጁቤ አጠገብ የነበረ ትልቅ ገበያ ነው። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ወርቅና ባሪያ ይመጣበት ነበር፤ ከሰሜን ደግሞ ጨርቅ፣ ዶቃና ብር። የዚያ ዘመን ተጓዦች ሁሉ የተገረሙበት አንድ ነገር አለ፦ ገበያተኛው ማንኛውንም ብር አይቀበልም። የንግሥቲቱን ዘውድ ጌጥ ነጥብ በነጥብ ያያል፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን ማያያዣ ይመረምራል፣ ከሥር ያሉትን ትንንሽ ፊደላት ይፈልጋል። አንዷ ከጠፋች ይመልሳል። ብርን በዓይኑ የሚመረምር፣ በቀላሉ የማይታለል ሕዝብ ነበር ማለት ነው።

ይህ ገንዘብ ሲተርፍ ጌጥ ይሆናል። ባለቤቱ ብሮቹን ቆጥሮ ለአንጥረኛ ይሰጣል፤ አንጥረኛው አቅልጦ አልቦ ወይም መስቀል ያደርገዋል። መለኪያው ወቄት ነው፤ አንድ ወቄት ደግሞ የአንድ ማርትሬዛ ክብደት ነው። ስለዚህ በአንዲት ሴት እግር ላይ ያለው አልቦ ስንት ብር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጌጡ ውበትም ባንክም ነበር። በክፉ ቀን ተመልሶ ገንዘብ ይሆናል።

ችግሩም ያለው እዚህ ተመልሶ ገንዘብ ሲሆን ነው። አዲስ ሲሠራ ለአንጥረኛው የእጅ ዋጋ ይከፈላል። አሮጌው ሲሸጥ ግን የሚመዘነው ብሩ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት የፈጀ ጥልፍልፍ ሥራና በአንድ ቀን የተድቦለቦለ ቀለበት ክብደታቸው እኩል ከሆነ ዋጋቸው እኩል ነው። እጁ ከሚዛኑ ላይ ወርዷል።

ስድብ የሆነ ሙያ

እጅ ከሚዛን የወረደበት ምክንያት ቋንቋው ውስጥ ተቀምጧል። "ባለእጅ" ማለት እጅ ያለው፣ የሚችል ማለት መሆን ነበረበት። በጎጃምና በጎንደር ግን ስድብ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው ማረሻውን፣ ምጣዱን፣ ልብሱን ለሁሉም እየሠሩ "ቡዳ" ይባሉ ነበር። በብዙ ቦታ የርስት መሬት አልነበራቸውም፤ ከአራሹ ጋር አይጋቡም። ብርና ወርቅ የሚሠራው አንጥረኛ፣ በተለይ ለቤተ መንግሥትና ለቤተ ክርስቲያን የሚሠራው፣ ከቀጥቃጩ ይሻል ነበር። ከንቀቱ ግን ሙሉ በሙሉ አላመለጠም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። የሌለ ነገር በአዋጅ አይከለከልም። መሬት ለማጣታቸው መፍትሔ የሞከረው ደግሞ ከ67 ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

የተናቀ ሰው ሥራውን ስሙን አይጽፍበትም። ቢጽፍበትም ገዢው ስሙ ተጽፎበታል ብሎ ዋጋ አይጨምርለትም። ይህ ለአገር ቤት ሰው የክብር ጉዳይ ብቻ ነው የሚመስለው። ለውጭ ገዢ ግን የተከፈተ በር ነበር።

አራት ፓውንድ

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። ሆልምስ የጳጳሱን የወርቅ አክሊልና አንድ የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር እጅ በ4 ፓውንድ ገዛ። ወታደሩ ዘርፎ የሸጠው ዕቃ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ግብይቱ "ርካሽ ዕቃ አገኘሁ" የሚባለው ዓይነት ነበር። ከሳምንት በኋላ ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን የፈጀ ጨረታ ተደረገ። የተዘረፈውን ወደዚያ ያመጡት 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ናቸው። ጨረታው 5,000 ፓውንድ ገደማ አስገኘ፤ ለእያንዳንዱ ወታደር የደረሰው 4 ብር ያህል ነበር። ያው ማርትሬዛ ማለት ነው።

ያ ጽዋ ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው። በጎንደር ዘመን የተሠራ ሲሆን የአንጥረኛው ስም ወልደ ጊዮርጊስ መሆኑ ይታወቃል። ከአንድ ሺህ ዕቃ አንዱ፣ የንጉሥ ቤት ሥራ ስለሆነ፣ ባለቤቱን አስታወሰ። በዚያው ሙዚየም ያሉት የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ የብር ጌጦች ግን የማን እጅ እንደሠራቸው የሚናገር የለም። የለበሰችው ትታወቃለች፤ የወሰደው ይታወቃል፤ የሠራው አይታወቅም።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ይበቃል። እንግሊዝ ውስጥ ብር አንጥረኛ በሚሠራው ዕቃ ሁሉ ላይ የራሱን ምልክት እንዲያትም በሕግ የተገደደው እ.ኤ.አ. በ1363 ነው። መቅደላን የወረረው ወታደር አገሩ ላይ ያለው የእናቱ የብር ማንኪያ ሠሪው ማን እንደሆነ በማኅተም የሚታወቅበትን ሥርዓት ከያዘች ከ500 ዓመት በላይ ሆኗታል። ባለምልክቱ ማንኪያ ሲያረጅ ዋጋው ይጨምራል። ምልክት የሌለው አልቦ ሲያረጅ ይቀልጣል።

የመጨረሻው የብር ጎርፍ

ብር ለመጨረሻ ጊዜ በብዛት ወደ ጎጃም የገባው በጦርነት ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ የማርትሬዛን መምቻ እ.ኤ.አ. በ1935 ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ መቅረጽ ጀመረ። እንግሊዝም በተራዋ ለንደን ላይ፣ ኋላም ቦምቤይ ላይ መታች። ከሱዳን ተነስቶ ጎጃም የገባው የዊንጌት ጌዴዎን ጦር ከጥይቱ ጋር በግመል የጫነው ይህንኑ ብር ነበር። የካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከቡሬ የሚያፈገፍገው የጣሊያን ጦርና የጌዴዎን ጦር አንድ ክፍል ደምበጫ አጠገብ ተጋጠሙ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ የገቡት ከወር በኋላ ነው።

በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ታወጀ። ማርትሬዛ ገንዘብነቱ ቀረ። በየቤቱ የተቀመጠው ጠገራ ብር ከዚያ በኋላ የቀረው ዕድል ወይ ለመንግሥት መመለስ፣ ወይ መቀበር፣ ወይ ጌጥ መሆን ነበር። ዛሬ "ጥንታዊ" ተብሎ የሚሸጠው የብር ጌጥ ብዙው ከዚህ ዘመን ወዲህ የተሠራ ቢሆን የሚገርም አይደለም።

ፈረንጅ ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ

ከ1950ዎቹ ጀምሮ አዲስ ዓይነት ገዢ መጣ። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባ ተቀመጠ፤ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ገብተው በየአውራጃው ከተማ ተበተኑ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ፤ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ "የ13 ወር ጸጋ" እያሉ ቱሪስት ጠሩ። ዲፕሎማቱና መምህሩ መስቀልና ጠልሰም መሰብሰብ ጀመሩ።

ያን ጊዜ ሁለት ሚዛኖች ተገናኙ። በገጠሩ ገበያ አሮጌ ጌጥ የሚገዛው ነጋዴ በወቄት ገዛ። አዲስ አበባ ፒያሳና ቸርችል ጎዳና ላይ ግን ፈረንጁ የሚከፍለው ለዕድሜውና ለእጁ ሥራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የደላላው ትርፍ ሆነ። ለፈረንጁም ቢሆን ኒውዮርክ ወይም ፓሪስ ከሚከፈልበት ጋር ሲተያይ ርካሽ ነበር። ሁሉም አተረፈ፤ ከሚዛኑ በወረደው እጅ። ረሃብ በመጣባቸው ዓመታት ደግሞ ሚዛኑ ራሱ ለሻጩ ከበደበት፤ የምትበላው ያጣች እናት በወቄት አትከራከርም።

መንግሥት አልተኛም። በ1958 ዓ.ም. የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ወጣ፤ በ1982 እና በ1992 ዓ.ም. ሌሎች ተከተሉ። ዛሬ ያለ ፈቃድ ቅርስ ማውጣት ወንጀል ነው፤ አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣ ይፈተሻል። ያም ሆኖ በ1989 ዓ.ም. የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል ተሰርቆ ቤልጂየማዊ ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ሕጉ ስለ አሮጌው ዕቃ ብዙ ይናገራል። አሁን በሕይወት ስላለው አንጥረኛ የሚለው ጥቂት ነው። ገበያውም ይህንን ተረድቶ አዲሱን መስቀል አጭሶና አሽቶ "አሮጌ" ያደርገዋል። ሠሪው የራሱን ሥራ እንዳልሠራው ሆኖ ካልሸጠው አይሸጥለትም። ከዚህ የበለጠ የእጅ ውርደት የለም።

ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ሌላዋ ምስክር ናት። ቤተ እስራኤል ሴቶች ጀበናና ድስት የሚሠሩባት መንደር ነበረች። ቱሪስት ሲበዛ የሰሎሞንና የሳባ ምስል፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት ትንንሽ ሸክላ መሥራት ጀመሩ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ሠሪዎቹ ሄዱ፤ የመንደሩ ስምና ሸክላው ግን ሌሎች እየሠሩት ለጎብኚ መሸጡን ቀጠለ። ገዢው እጅን ጠይቆ ስለማያውቅ እጅ መለወጡንም አላስተዋለም።

ዱባይ ላይ የሚታወቅ፣ ደምበጫ ላይ የሚረሳ

አሁን ኢትዮጵያዊውም ተጓዥ ገዢ ነው። ዱባይ የወርቅ ገበያ የገባች ኢትዮጵያዊት ነጋዴ የወርቁ ግራም የዕለቱ የዓለም ዋጋ መሆኑን ታውቃለች፤ እሱ ላይ አትከራከርም። የምትከራከረው ለብቻው በሚጠራው የእጅ ዋጋ ላይ ነው። ሻጩ ሕንዳዊም "ይህ የእጅ ሥራ ነው" ብሎ አይለቅም። የእጅ ዋጋ የሚባል ነገር እንዳለ ማንም አልነገራትም ማለት አይቻልም። ተመልሳ አገር ቤት የአያቷን ድሪ ስትሸጥ ግን ያው አሮጌው ሚዛን ይጠብቃታል።

ጊዜው ነገሩን አጣዳፊ አድርጎታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ስሙን ከብር የወሰደው ገንዘብ ሲረክስ እውነተኛው ብር ለውጭ ገዢ ይበልጥ ረከሰ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ደግሞ ደምበጫን የሚያቋርጠውን መንገድ ደጋግሞ ዘግቷል፤ ቱሪስቱ ቀርቷል። ቱሪስት ሲቀር አንጥረኛው ሥራ ያጣል፤ ኑሮ ሲከብድ ሳጥን ውስጥ ያለው ጌጥ ይወጣል። ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት ጎብኚው ይመለስ ይሆናል። ጥያቄው ምን ጠብቆት ይገኛል የሚለው ነው።

መድኃኒቱ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። አንጥረኛው ስሙንና ከተማውን በሥራው ላይ ይምታ። ሻጩ ደረሰኝ ላይ የብሩን ዋጋና የእጁን ዋጋ ለያይቶ ይጻፍ። አዲሱ ዕቃ አዲስ ነው ተብሎ ይሸጥ። የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ከባዛር በፊት የአንጥረኞችን ስም መዝገብ ይያዙ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሬይመንድ ሲልቨርማን ያዘጋጀው የኢትዮጵያ እደ ጥበብ መጽሐፍ ሠሪዎቹን በስማቸው ሲያቀርብ ዕቃው ወደ ሰው ተመልሷል፤ ሊደረግ እንደሚችል ያሳያል።

የጎጃም ገበያተኛ የባዕድ ንግሥት ዘውድ ላይ አንዲት ነጥብ ስትጎድል ለይቶ ብሩን ይመልስ ነበር። ያ ዓይን የራሱ ልጅ የሠራው መስቀል ላይ የሠሪው ስም መጉደሉን ማየት አያቅተውም። ባለእጅ ስድብ መሆኑ እስኪቀር ድረስ ግን ባለገንዘብ በመጣ ቁጥር "እንዴት ረክሶ አገኘሁት" ማለቱ አይቀርም።