ከደም ግፊት እስከ አእምሮ መዳከም፦ የደም ቧንቧ ዲሜንሺያ በናይሮቢ

እ.ኤ.አ. በ1929 በምዕራብ ኬንያ ይሠራ የነበረ ዶኒሰን የተባለ የቅኝ ግዛት ዘመን ሐኪም «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያልተጠበቀ ውጤት አሳተመ። የ1,000 ያህል ወንዶችን ደም ግፊት ለክቶ፣ በአውሮፓ ከእርጅና ጋር አብሮ እንደሚመጣ የሚታመነው የግፊት መጨመር በእነዚህ የገጠር ሰዎች ላይ እንደሌለ፣ እንዲያውም ከ40 ዓመት በኋላ ግፊታቸው ወደ መውረድ እንደሚያዘነብል ጻፈ። በ1990 ደግሞ ኒል ፑልተርና ባልደረቦቹ ከቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ መንደሮች ወደ ናይሮቢ የፈለሱ የሉኦ ተወላጆችን ቀዬአቸው ከቀሩት ጋር እያነጻጸሩ የተከታተሉበትን ጥናት አወጡ። ከተማ የገቡት ሰዎች ግፊት ብዙም ሳይቆይ ከፍ ብሎ ተገኘ። በሽንታቸው ውስጥ ከፖታሲየም አንጻር ሶዲየሙ በርክቷል፤ ክብደታቸውና የልብ ምታቸውም ለልዩነቱ ድርሻ ነበራቸው። ዘራቸው ያው ነው፤ የተለወጠው ማዕዳቸውና አኗኗራቸው ነው።

እነዚህን ጥናቶች የማነሣው ስለ አንጎል ለመናገር ነው። ለአንጎል የሚደርሰው ደም በመጓደሉ ወይም በመቋረጡ የሚመጣው የማሰብ ችሎታ መዳከም፣ ማለትም የደም ቧንቧ ዲሜንሺያ፣ ከአልዛይመር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ የዲሜንሺያ ዓይነት ነው። ሊታረሙ ከሚችሉት መንስኤዎቹ ዋናው ከፍተኛ የደም ግፊት ነው። ግፊት የዕድሜ ግዴታ ካልሆነ፣ ከእሱ የሚወለደው የአእምሮ መዳከምም ግዴታ ሊሆን አይችልም።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 ከመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ልብ ከምትረጨው ደም ከ15 እስከ 20 ከመቶ ይወስዳል። ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይደርስበታል። አንደኛው ቤተሰብ ሁሉ የሚያየው ስትሮክ ነው። ፔንድልበሪና ሮትዌል በ2009 ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው እንዳሳዩት፣ ከመጀመሪያው ስትሮክ በኋላ ከአሥር ሰው አንዱ ያህል ዲሜንሺያ ይይዘዋል፤ ስትሮኩ ከተደጋገመ ግን ከሦስት አንዱ በላይ። ሁለተኛው መንገድ ድምፅ የለውም። ለዓመታት ያልታከመ ግፊትና ስኳር በአንጎል ውስጥ ጠልቀው የሚገቡትን ቀጫጭን ደም ወሳጆች ግድግዳ ያደነድናል፣ ያጠብባል። የአንጎልን ክፍሎች የሚያገናኘው ነጭ ክፍል ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ሰውየው ሳይሰማው ጥቃቅን ቁስሎች ይጠራቀማሉ። ኦቶ ቢንስዋንገር ይህን የነጭ ክፍል ጉዳት በ1894 ገልጾታል። ቭላድሚር ሃቺንስኪና ባልደረቦቹም በ1974 ተደጋጋሚ የደም መቋረጥ ለብቻው ዲሜንሺያ እንደሚያመጣ አስረድተዋል። በዘር የሚተላለፍ ዓይነትም አለ፤ ኖች 3 በተባለው ጂን ለውጥ የሚመጣው ካዳሲል ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ብርቅ ነው። የበርካታ አረጋውያን አንጎል ደግሞ የአልዛይመርንም የደም ቧንቧንም ጉዳት በአንድነት ይዞ ይገኛል።

ድምፅ የለሹ ዓይነት ሲጀምር መርሳት ጎልቶ ላይታይ ይችላል። አስተሳሰብ ይዘገያል፤ ገንዘብ መቁጠርና ጉዳይን በቅደም ተከተል መፈጸም ይከብዳል፤ እርምጃ ያጥራል፤ ሽንት ያጣድፋል፤ ሰውየው ለነገሮች ግድ ያጣል። ቤተሰብ ይህን ስንፍና፣ ኀዘን ወይም መጃጀት ይለዋል። በእኔ እምነት ብዙ ታማሚ ከሐኪም ዓይን የሚሰወረው እዚህ ላይ ነው።

የኬንያ የ2015 አገር አቀፍ የተጋላጭነት ጥናት ከ18 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች ከአራት አንዱ ያህል ግፊቱ ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። ከእነዚህ ሕመማቸውን የሚያውቁት 15.6 ከመቶ ብቻ ናቸው፤ ከሚያውቁት መድኃኒት የሚወስዱት 26.9 ከመቶ፤ ከሚወስዱት ግፊታቸው የተስተካከለላቸው 51.7 ከመቶ። ሲሰላ ከ1,000 ታማሚ ግፊቱ በሕክምና የተገራለት 22 ያህሉ ብቻ ነው። ስኳር፣ ትምባሆ፣ ኮሌስትሮል፣ የተዛባ የልብ ምትና የተበከለ አየር በዚህ ላይ ይጨመራሉ፤ የዳንዶራን የቆሻሻ ክምር ጭስ እየማጉ የሚኖሩት በናይሮቢ የኮሮጎቾ ሰፈር ነዋሪዎች የመጨረሻውን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል።

ምርመራው የማይቻል አይደለም። በናይሮቢ እንደ ኬንያታ ብሔራዊና አጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ባሉ ሆስፒታሎች ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ አለ። የሚያስቸግረው ማን እዚያ ይደርሳል የሚለው ነው። የማስታወስ ፈተናዎቹም አብዛኞቹ ለተማረ ሰው የተዘጋጁ ናቸው። በታንዛኒያ ገጠር የተፈተነው አይዲኢኤ የተባለው መለኪያ ማንበብና መጻፍ አይጠይቅም፤ በክብሪት እንጨት ቅርጽ ማስደርደርን ጭምር ይጠቀማል። በጤና ጣቢያዎች ሊለመድ ይገባዋል።

የሞተውን የአንጎል ክፍል የሚመልስ መድኃኒት የለም። ለአልዛይመር የሚሰጡት ዶኔፔዚልና ሜማንቲን ለአንዳንዶች ትንሽ ይረዳሉ፤ ለዚህ ሕመም ግን የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ያጸደቀው የለም። ሕክምናው በዋናነት ቀጣዩን ጉዳት መከልከል ነው፦ ግፊትን ማውረድ፣ ስኳርን መቆጣጠር፣ ኮሌስትሮልን የሚቀንሰው ስታቲን፣ ለተዛባ የልብ ምት ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ በደም መርጋት ለመጣ ስትሮክ አስፕሪን። አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጀመር ግን ለመድማት ያጋልጣል። በ1998 የታተመው የአውሮፓው ሲስት-ዩር ሙከራ የግፊት ሕክምና በአረጋውያን ላይ ዲሜንሺያን በግማሽ መቀነሱን ዘግቧል። በ2019 የወጣው ስፕሪንት ማይንድ የላይኛውን ግፊት ከ120 በታች ማውረድ ቀላል የማሰብ መዳከምን በ19 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ፤ በዲሜንሺያው ላይ የታየው ልዩነት ግን በስታቲስቲክስ እርግጠኛ ለመባል አልበቃም። ማስረጃው ፍጹም አይደለም፤ ርካሽ በሆነ ክኒን ሥራ ለመጀመር ግን ከበቂ በላይ ነው።

ይህ ለእኛም ቅርብ ነው። በናይሮቢው የኢስትሊ ሰፈር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ከተማዋ የገቡት እንደ ሉኦዎቹ ከሌላ ማዕድና ከሌላ ኑሮ ነው። በሰፈሩ ያሉ ክሊኒኮች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ከ40 ዓመት በላይ የሆነውን ሁሉ ግፊት በየዓመቱ ቢያስለኩ፣ ከፍ ያለበትንም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ቢከታተሉት፣ ዛሬ ባለው ዕውቀት ለዚህ በሽታ ከሚደረገው ሁሉ የሚልቀውን አደረጉ ማለት ነው።