በደም ጐዳና ወደ አንጎል

የሰው አንጎል በራስ ቅል አጥንት ተመሽጎ የተቀመጠ ስለ ሆነ፥ በውስጡ ያለውን የደም ሥር ሕመም በእጅ ለማከም ሐኪሞች ለብዙ ዘመን የነበራቸው መንገድ አጥንቱን ከፍቶ መግባት ነበር። ዛሬ ግን ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ሥር ገብቶ፥ የደሙን ጐዳና ተከትሎ አንጎል ድረስ መዝለቅ ተችሏል።

በሽታው ሁለት መልክ አለው። አንዳንድ ጊዜ የደም ሥሩ ግድግዳ ይሳሳና እንደ ፊኛ ይነፋል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ደም ወሳጁና ደም መላሹ ሥር፥ በመካከላቸው ሊኖሩ የሚገባቸው እንደ ጠጉር የቀጠኑ ሥሮች ሳይኖሩ በቀጥታ ይገናኙና እንደ ተወሳሰበ የክር ልቃቂት ይሆናሉ። ሥሩ የፈነዳ እንደ ሆነ ሰውየው ንግግሩን፥ የእጅ የእግሩን ኀይል፥ አንዳንዴም ሕይወቱን ያጣል።

ያልታየ ነገር አይታከምምና፥ አስቀድሞ ሥሩን ማየት አስፈለገ። ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ በ1927 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሊዝበን ከተማ፥ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ በደም ሥር ጨምሮ የሕያው ሰው የአንጎል ሥሮች በፎቶግራፍ እንዲታዩ አደረገ። በ1949 የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው ግን በዚህ ሥራው አይደለም፤ የአእምሮ ሕሙማንን አንጎል በመቁረጥ ባደረገው ሕክምና ነው። የተሸለመው ሕክምና ቀርቷል፤ ያልተሸለመው ፎቶግራፍ ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

በ1960 አልፍሬድ ሉሰንሆፕና ስፔንስ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች አንድ ድፍረት የተሞላበት ሥራ አሳተሙ። በአንገት በኩል ወደ አንጎል በሚወጣው ሥር ውስጥ ሰው ሠራሽ የሆኑ ጥቃቅን ድቡልቡል ፍሬዎች ለቀቁ። ፍሬዎቹን የሚመራቸው አልነበረም። ልቃቂቱ ከጤነኞቹ ሥሮች ይልቅ ብዙ ደም ስለሚስብ፥ ደሙ ራሱ እየነዳ ወደዚያው ወሰዳቸው፤ መንገዱንም ዘጉ። ነገሩን ልብ በሉ፤ የበሽታው ስስት መድኃኒቱን ጠራው። ነገር ግን አንዲት ፍሬ ስታ ወደ ጤነኛ ሥር ብትገባ ጉዳቱ ከባድ ነውና፥ መሪ ያስፈልግ ነበር።

መሪውን ያበጀው በሞስኮ የቡርዴንኮ ኢንስቲትዩት ሐኪም ፌዶር ሰርቢኔንኮ ነው። ሐሳቡ የመጣለት በ1959 በቀይ አደባባይ በሜይ ዴይ በዓል፥ ሕፃናት በክር ይዘው የሚጫወቱባቸውን ፊኛዎች ሲመለከት ነው ይባላል። በቀጭን ቧንቧ ጫፍ ላይ ትንሽ ፊኛ አሰረ፤ ደሙ ፊኛዋን ይጐትታል፥ ሐኪሙም ቧንቧውን ይይዛል፤ ከስፍራው ስትደርስ ትነፋለች፥ እዚያው ተላቅቃም ትቀራለች። በ1974 ከ300 በሚበልጡ ሕሙማን ላይ የሠራውን ለዓለም አሳወቀ።

የፊኛ ቅርጽ ግን ከተነፋው ሥር ቅርጽ ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። ጣሊያናዊው ጉይዶ ጉሊየልሚ ለስላሳ የፕላቲን ጥቅል ሽቦ በጥቂት የኤሌክትሪክ ኀይል ከመሪው እንዲለይ አደረገ፤ በ1990ም በሰው ላይ ተሠራበት። በ2002 በታተመ ጥናት፥ ሥራቸው ከፈነዳና ለሁለቱም መንገድ ከሚመቹ 2,143 ሕሙማን መካከል፥ ከአንድ ዓመት በኋላ የሞቱት ወይም የሰው እጅ ጠባቂ የሆኑት የራስ ቅላቸው ከተከፈተው 30.6፥ በደም ሥር በኩል ከታከሙት 23.7 ከመቶ ነበሩ።

ልቃቂቱን በሚመለከት ነገሩ ይህን ያህል ቀና አልሆነም። በውስጡ የሚረጋ ሙጫ ይፈስበታል፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ይከተላል። ታዲያ ለሌላ ጉዳይ ተመርምሮ፥ ገና ያልደማ ልቃቂት የተገኘበት ሰው ይነካ ወይስ ይተው? በ2014 በታተመ በ223 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፥ ሳይነኩ በመድኃኒት ብቻ የተጠበቁት ከተነኩት ይልቅ በሞትና በስትሮክ ያነሰ ተጐድተዋል። ሆኖም ሕሙማኑ የተጠበቁበት ጊዜ ሦስት ዓመት እንኳ በአማካይ አልሞላም፤ ልቃቂቱ ግን ከሰው ጋር ዕድሜ ልክ ይኖራል የሚሉ ሐኪሞች ተቃውመዋል፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተቋጨም።