አምስት ስም በአንድ ወረቀት

በ1996 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት አስተማሪዎችን ለዓመት የሚያሠለጥን «የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም» ጀመረ። በአጭሩ ኤችዲፒ የሚባለው ይህ ሥልጠና ኋላ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ሁሉ ተዳረሰ። የመጣበት ምክንያት ተገቢ ነበር፦ መምህሩ ኖት ያነባል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ፈተና ላይ ያንኑ ይመልሳል። ይህን «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» በተባለው ለመተካት ታሰበ።

ሐሳቡ ብዙዎች እንደሚሉት ከውጭ ብቻ የመጣ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ አይቀርም፤ የራሱን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይናገራል፣ ይታረማል። ጀማሪው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ቀድሞ የገባው የኋለኛውን ያስጠናል። (ከዚያ በፊት ያለው ንባብ ቤት ግን ሽምደዳና አለንጋ ነው፤ ያለፈውን ሁሉ ማሞገስ አያስፈልግም።) የቅኔ ቤቱ ጉልበት መምህሩ የእያንዳንዱን ተማሪ ሥራ በጆሮው መስማቱ ላይ ነው።

ኤችዲፒ የመጣው ይህ በማይቻልበት ሰዓት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ፣ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በሃያ ዓመት ውስጥ ቁጥራቸው ከሠላሳ አለፈ። ተማሪው ጎረፈ፤ ትናንት የተመረቀው ዛሬ ሌክቸረር ሆነ። ተወያዩ የተባለው ተማሪ ወደ ፊት ብቻ በሚያይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። መምህሩም ዘዴውን ስለመጠቀሙ ማስረጃ የሚሆን ፋይል ያደራጃል፤ ፋይሉን መሙላት ክፍሉን ከመለወጥ ይቀላል።

ቀጥሎ 1ለ5 መጣ። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን ይመራል የሚለው ሐሳብ በራሱ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን ያው አደረጃጀት በቀበሌውም፣ በመሥሪያ ቤቱም፣ በፓርቲውም ስለነበር ተማሪው ከመማር ይልቅ ከመጠርነፍ ቆጠረው። ጥርጣሬ ባለበት ቡድን ውስጥ ደግሞ «አልገባኝም» ብሎ አፉን የሚከፍት የለም፤ ዘዴው ግን የቆመው በዚያች ቃል ላይ ነው።

አሳይመንቱን ጎበዙ ብቻውን ይሠራል። ሌሎቹ ስማቸውንና መታወቂያ ቁጥራቸውን ያስገባሉ፣ አንዳንዴም የፕሪንት ያዋጣሉ። የሚታረም የወረቀት ክምር የሚጠብቀው መምህር ለሁሉም አንድ ዓይነት ማርክ ይሰጣል። ሪፖርቱ ላይ ያ ክፍል «ተከታታይ ምዘና የተካሄደበት» ተብሎ ይመዘገባል።