የፈረስ እርባታ በአዊና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ
የፈረስ እርባታ በአማራ ክልል አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የአገው ገበሬዎች ሙያ ነው። ዞኑ በምዕራብ በኩል ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መተከል ዞን ጋር ይዋሰናል።

አገልግሎትና ሽያጭ

በደጋው ፈረስ ለግልቢያ ብቻ ሳይሆን ለእርሻ፣ ለጭነትና ለጋሪም ይውላል። ባዝራ 11 ወር ያህል አርግዛ ብዙውን ጊዜ አንድ ውርንጭላ ብቻ ስለምትወልድ፣ አርቢው ለገበያ የሚደርስ ፈረስ የሚያገኘው ከዓመታት ጥበቃ በኋላ ነው። ከአህያ የተዳቀለች ባዝራ በቅሎ ትወልዳለች። ገዢ የፈረሱን ዕድሜ በጥርሱ ይለያል፤ አረማመዱንና ሰኮናውንም ይመረምራል።

የቆላው እንቅፋት

ወደ መተከልና አሶሳ ቆላማ ቦታዎች ሲወረድ የፈረስ እርባታ ይቀንሳል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ገንዲ ነው። በሽታው ትሪፓኖሶማ በተባለ ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ ሲሆን ዋና አስተላላፊው የቆላ ዝንብ (ፄፄ) ነው። የታመመ ፈረስ ደሙ ያንሳል፣ ይከሳል፣ ካልታከመም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከደጋ ተገዝቶ ቆላ የሚወርድ ፈረስ ለባለቤቱ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። አህያ ገንዲን ከፈረስ በተሻለ ስለምትቋቋም በአሶሳ አካባቢ ለጭነት ታገለግላለች፤ ሆኖም እሷም ከበሽታው ነጻ አይደለችም።

የፈረሰኞች ማኅበር

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የዘመቱ አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር ነው። በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ከተማ በግልቢያና በጉግስ ይከበራል።