ሥልጠና ላይ የሞቱት

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2007፣ ባልቲሞር ውስጥ ሰው የማይኖርበት ቤት ተቃጠለ። የለኮሰው የከተማዋ የእሳት አደጋ ማሠልጠኛ ነው። ሠልጣኞቹ ታች የሚነደውን አልፈው ወደ ላይኛው ፎቅ ወጡ፤ እሳቱም ተከተላቸው። አንዲት ሠልጣኝ በመስኮት ልትወጣ ብትሞክርም የመስኮቱ ደፍ ከፍ ያለ ስለነበር መሻገር አቃታት። ቀድሟት የወጣው አሠልጣኝ ከውጭ ሆኖ ሊስባት ታገለ፤ አልቻለም። ሕይወቷ አለፈ።

ሰው ሲያድን የሞተ እሳት አደጋ ሠራተኛ ሐዘኑ ከባድ ቢሆንም ምክንያቱ ይገባናል። ሲማር የሞተውን ግን ምን ብለን እንቀበላለን?

ደንብ ጠፍቶ አይደለም። በ1982 ኮሎራዶ ግዛት፣ ቦልደር ላይ ሁለት እሳት አደጋ ሠራተኞች ሥልጠና ላይ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር በ1986 «1403» የተባለውን ደረጃ አወጣ። በባዶ ቤት ሲሠለጠን በአንድ ጊዜ ከአንድ እሳት በላይ አይለኮስ፤ ሠልጣኞች አስቀድመው ቤቱን ዞረው መውጫውን ይዩ፤ ሥልጠናውን ማስቆም የሚችል የደኅንነት ኃላፊ ይኑር ይላል። ባልቲሞር ላይ ግን እሳቱ በአንድ ቦታ ብቻ አልነበረም የተለኮሰው።

ማኅበሩ የመንግሥት አካል ስላልሆነ፣ ግዛት ወይም ከተማ በሕግ ካልተቀበለው ደረጃው አያስገድድም። በ2001 ኒውዮርክ ግዛት፣ ሌየርድስቪል ውስጥ የ19 ዓመት ጀማሪ በጎ ፈቃደኛ እሳት የከበበው ሰው መስሎ ላይኛው ፎቅ እንዲጠብቅ ተደረገ። ደረጃው ይህን ይከለክላል። ታች የተለኮሰው እሳት ገደለው፤ ሥልጠናውን የመሩት ምክትል አዛዥም በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባሉ።

ፍሎሪዳ በ2002 ኦሴኦላ ካውንቲ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲሞቱባት ሕግ አወጣች። በእውነተኛ እሳት የሚያሠለጥን ሁሉ ከግዛቷ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ አዘዘች። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው እላለሁ፤ ቁጥጥሩ ከውጭ መምጣት አለበት። ቤቱን የመረጠው፣ የለኮሰውና ደኅንነቱን የመሰከረው ያው ማሠልጠኛ ከሆነ ቁጥጥር አለ ማለት አይቻልም።

የባልቲሞር ማሠልጠኛ ኃላፊ ከሥራ ተባረሩ፤ ገለልተኛ ምርመራም ተካሄደ። ተገቢ ነው። ነገር ግን ከተገኙት ጥሰቶች ብዙዎቹ ክብሪት ከመጫሩ በፊት ቤቱን ዞሮ ለሚያይ ተቆጣጣሪ የሚታዩ ነበሩ።