የባዶ ወንበሮች ታሪክ፦ የስታዲየም ስፋትና የተመልካች ቁጥር በአሜሪካ አነስተኛ የኮሌጅ ፉትቦል ቡድኖች



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የምናገረው በእጅ እየተያዘና እየተወረወረ ስለሚካሄደው፣ አሜሪካውያን «ፉትቦል» ስለሚሉት ጨዋታ ነው። ጥያቄዬ ግን ከስፖርት ያልፋል፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ክብሩን በምን ይለካል? የሚል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ፣ በኒው ሄቨን ከተማ የሚገኘውን የዬል ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ለማየት ሄጄ ነበር። ጨዋታው ተጀምሯል፤ ተማሪዎችና የቀድሞ ምሩቃን በአንድ ወገን ተሰባስበው ይዘምራሉ። ቀሪው ስፍራ ወና ነበር። ከ60,000 በላይ ሰው በሚይዝ ስታዲየም ውስጥ የተቀመጠው ጥቂት ሺህ ሰው ነው። «ይህ ቡድን አብቅቶለታል» ብዬ ፈረድሁ። ዛሬ የማስረዳችሁ ያ ፍርዴ ለምን ስሕተት እንደ ነበረ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በኮንክሪት ነው። ቀድሞ ተመልካች ይቀመጥ የነበረው በአብዛኛው በእንጨት ርብራብ ላይ ሲሆን፣ ርብራቡ እንደ አስፈላጊነቱ ይሰፋል፣ ይፈርሳል። ሃርቫርድ በ1903 በብረት የተጠናከረ የኮንክሪት ስታዲየም ሲገነባ ግን ይህ ተለወጠ። በ1905 ጨዋታው ወጣቶችን እየገደለና እያቆሰለ ሕዝቡን ባሳሰበ ጊዜ፣ ግጭቱን ለመቀነስ ሜዳው ወደ ጎን ይስፋ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡ ከወደቀባቸው ምክንያቶች አንዱ አዲሱ የሃርቫርድ ስታዲየም ሊሰፋ አለመቻሉ ነበር፤ በምትኩ በ1906 ኳስን ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ። ሕንፃው የጨዋታውን ሕግ እስከ መወሰን ደረሰ ማለት ነው።

ዬል በኅዳር 1914 የመለሰው ከዚህ በሚበልጥ ሥራ ነበር። መሬቱን ቆፍሮ፣ የወጣውን አፈር በዙሪያው ከምሮ፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ፣ 70,000 ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም ሠራ። በመክፈቻው ዕለት ሃርቫርድ 36 ለ 0 አሸነፈው። ሽንፈቱ ቢያሳፍርም ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የተመኙት ስታዲየሙን ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግንባታው እንደ ወረርሽኝ ተስፋፋ፤ ኢሊኖይ በ1923 የጦርነቱን ሙታን ለማሰብ፣ ሚሺጋን በ1927 ከ70,000 በላይ ተመልካች ለማስተናገድ ታላላቅ ስታዲየሞችን ከፈቱ። የአንዳንዶቹ የግንባታ ወጪ የሚመለሰው ከመግቢያ ትኬት ስለ ነበር፣ ወንበሩን መሙላት ግዴታ ሆነ።

ከዚህ ሩጫ የወጣው ዩኒቨርሲቲ ቺካጎ ነው። ስታግ ፊልድ የተባለው ሜዳው 50,000 ያህል ሰው ይይዝ ነበር፤ በ1935 የመጀመሪያውን የሃይዝማን ሽልማት ያገኘውም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ነው። ሆኖም በፕሬዚዳንቱ በሮበርት ሃቺንስ ዘመን፣ በ1939 መጨረሻ፣ ፉትቦሉን ጨርሶ ዘጋ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1942፣ በዚያው ባዶ ስታዲየም የምዕራብ መቀመጫዎች ሥር በሰው ቁጥጥር ሥር የዋለው የመጀመሪያው የኒውክሌር ሰንሰለታዊ ምላሽ ተካሄደ። ፉትቦል በ1969 ወደ ቺካጎ ሲመለስ በአነስተኛ ደረጃ ነበር፤ የዛሬው ሜዳ ከ2,000 የማይበልጥ ሰው ያስተናግዳል። የዩኒቨርሲቲው ስም ግን በዚህ አልቀነሰም።

ሌሎቹ ግን ቁጥሩን ሙጥኝ አሉ። ብሔራዊው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ በ1951 ቴሌቪዥን ተመልካች ይቀማናል ብሎ የሚተላለፉትን ጨዋታዎች በቁጥር ገደበ። ገደቡን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 እስኪሽረው ድረስ ጸና። በዚህ መካከል፣ በ1978፣ ማኅበሩ ትልልቆቹን ቡድኖች ለሁለት ከፈለ። ከመለያ መስፈርቶቹ መካከል 30,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየምና በአማካይ 17,000 ተመልካች ይገኙበታል። መስፈርቱ ሲጠብቅ የዬልና የሃርቫርድ ማኅበር የሆነው አይቪ ሊግ በ1982 ወደ ታችኛው እርከን ወረደ። ዬል ወንበር አልጎደለውም ነበር፤ እንደ ብራውንና ዳርትመዝ ያሉ ባልንጀሮቹ ግን አነስተኛ ሜዳ ነበራቸው፤ ሊጉም ከሚበተን በአንድነት መውረዱን መረጠ። ያን ቅዳሜ ያየሁት ባዶነት እንግዲህ የሞት ምልክት አልነበረም፤ በሌላ ዘመን ልክ የተሰፋ ልብስ የዛሬ ባለቤቱን ቢሰፋው ነው። በሃርቫርድ ግጥሚያ ቀን ያው ስታዲየም ዛሬም በአስር ሺዎች ይሞላል።

ቁጥር መለኪያ ሲሆን ሰው ቁጥሩን ማበጀት ይጀምራል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በላይኛው እርከን ለመቆየት በአማካይ 15,000 ተመልካች ይጠየቅ ነበር። የተሸጠ ትኬትም እንደ ተመልካች ስለ ተቆጠረ፣ ስፖንሰር በጅምላ የገዛው ትኬት ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሳለ በመዝገብ ላይ «ሰው» ሆነ። በ2023 ማኅበሩ መስፈርቱን ሰረዘው፤ በምትኩ ወደ እርከኑ የሚገባ ኮሌጅ የሚከፍለውን ከ5,000 ዶላር ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር አሳደገ። ተመልካች መቁጠር ቀርቶ ገንዘብ መቁጠር ቀጠለ።

ከታችኛው እርከን ደግሞ ሌላ ታሪክ እናገኛለን። በሞንታና ክፍለ ሀገር፣ ሕዝቧ ከ80,000 በታች በሆነው በሚዙላ ከተማ፣ በ1986 የተከፈተው ስታዲየም ደረጃ በደረጃ አድጎ ዛሬ 25,000 ያህል ሰው ይይዛል፤ ብዙ ጊዜም ይሞላል። በቅርቡ ሌላ ታላቅ ቡድን የለም፤ ቅዳሜ የከተማው ሁሉ ነው። ያ ስታዲየም ከተመልካቹ ጋር አብሮ አደገ እንጂ ተመልካቹን አልቀደመም።

የሉዊዚያናው ግራምብሊንግ ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጅ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚገኝ ሲሆን የቤቱ ሜዳ 20,000 ያህል ብቻ ይይዛል። አሰልጣኙ ኤዲ ሮቢንሰን ከ1941 እስከ 1997 በዚያ ቆይቶ 408 ጨዋታዎችን አሸንፏል። በ1968 ቡድኑ በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ሲጫወት ከ60,000 በላይ ሰው ተገኘ፤ ከ1974 ጀምሮም ከሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚያደርገው ግጥሚያ በአብዛኞቹ ዓመታት ኒው ኦርሊንስን በሕዝብ ያጥለቀልቃል። በዘር መድልዎ ምክንያት ከታላላቆቹ ስታዲየሞችና ሊጎች ተገልሎ የኖረ ማኅበረሰብ ወደ ቡድኑ የሚሄደው ጨዋታ ለማየት ብቻ አይደለም፤ ዘመድ ለመጠየቅ፣ የኮሌጁን የሙዚቃ ጓድ ለመስማት፣ ራሱን በብዛት ለማየት ነው። የቤቱን ሜዳ ወንበር ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ሕዝብ አያየውም።

የታሪክ ተማሪዎች እንደ መሆናችሁ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ሰነድ ላይ የተመልካች ቁጥር ስታገኙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን ቆጠረው? ለምን ዓላማ ቆጠረው? ቁጥሩ ቢያንስ ማን ይጎዳ ነበር? እኔ በኒው ሄቨን ባዶውን ወንበር ቆጥሬ የተቀመጡትን ሳልጠይቅ ወጣሁ። ከጎኔ የነበሩት አዛውንት የሊጉን መዝሙሮች ሁሉ በቃላቸው ያውቁ ነበር፤ ስንት ዓመት እንደ ተመላለሱ ብጠይቃቸው ኖሮ የዛሬው ንግግሬ ምናልባት የተሻለ ማስረጃ ይኖረው ነበር።